ተራውን የጠበቀው በሬ

ከደባርቅ ብዙም በማይርቅ፣ ስሙን ብንጠራ ደብዳቤ በሚጻፍብን አንድ ከተማ፣ ለጥንቃቄው ወሰን ያልተገኘለት የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት አለ። ይህን ጥንቃቄ ያስተማሩት ኃላፊው አቶ ባርናባስ ናቸው። እርሳቸው በሥራ ዘመናቸው አንድም ነገር ተሳስተው አያውቁም፤ የሌሎች ሰዎች ፊርማ ሳይጨመርበት አንድም ነገር ሠርተው አያውቁማ።

ባለፈው ዓመት ለጽሕፈት ቤቱ አዲስ የመልእክት ሥርዓት መጣለት። ገበሬው ከየቀበሌው በስልክ «ከብቴ ታሟል» ሲል፣ መልእክቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ እንደ ወፍጮ ቤት እህል ወረፋ ይይዛል። ኮምፒዩተሩ የፊተኛውን ብቻ አውጥቶ ያሳያል። ሐኪሙ ሄዶ ሥራውን ሲጨርስ አንድ አረንጓዴ ቁልፍ ይጫናል፤ ያኔ መልእክቱ ይሰረዝና ቀጣዩ ብቅ ይላል። ቁልፉ ካልተጫነ ግን ኮምፒዩተሩ «ለእነዚህ ሰዎች ሐኪም አልደረሰላቸውም» ብሎ ያንኑ መልእክት በማግስቱ ጠዋት መልሶ ያመጣል።

«ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲጭን ማድረግ ይቻላል» አለች ሥርዓቱን የዘረጋችው ባለሙያ ትሕትና። «ግን ያልተሠራውን ተሠራ እንዳይል በሰው እጅ ቢጫን ይሻላል።»

አቶ ባርናባስ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። «ተባረኪ። በማን እጅ?»

«ሥራውን በጨረሰው ሰው እጅ ነዋ። በሐኪሙ።»

«ሐኪም ያክማል እንጂ ለማረጋገጥ ምን ሥልጣን አለው? ቁልፍ መጫን ማለት መፈረም ነው። ፊርማ ደግሞ ያለ ቃለ ጉባኤ አይጸናም።»

እናም ሦስት አባላት ያሉት የቁልፍ መጫን ኮሚቴ ተቋቋመ፦ ሰብሳቢው አቶ ባርናባስ፣ ጸሐፊው የሰው ኃይል ክፍሉ ሠራተኛ፣ አባሉ ደግሞ የንብረት ክፍሉ ገዱ። አንዱ ከጎደለ ቁልፉ አይነካም። ኮሚቴው በተቋቋመ በሦስተኛው ቀን ገዱ ለሁለት ሳምንት ስልጠና ባሕር ዳር ሄደ። የስልጠናው ርእስ «ቀልጣፋ አገልግሎት» ነበር።

ከወረፋው ፊት የነበረው መልእክት የበየዳዋ የወይዘሮ የሺወርቅ ነው፤ አሥራ ሁለት በጎቻቸው እንዲከተቡላቸው። ሐኪሙ ሙሌ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ከትቦ ተመለሰ። ገዱ ስለሌለ ግን ቁልፉ አልተጫነም። ጠዋት ኮምፒዩተሩ ሲከፈት የወይዘሮ የሺወርቅ በጎች እንደገና ክትባት ይለምናሉ።

«እነዚህን እኮ በገዛ እጄ ከትቤያቸዋለሁ» አለ ሙሌ።

«መዝገቡ አልተከተቡም ይላል። በግና መዝገብ ከተጣሉ ጽሕፈት ቤቱ ከመዝገቡ ጋር ይቆማል» አሉ አቶ ባርናባስ።

ሙሌ ሄደ። ከትቦ ተመለሰ፤ ጠዋት እንደገና ተላከ። በሦስተኛው ጉዞ ወይዘሮ የሺወርቅ የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ በጎቹን ከቤት አስገብተው በሩን ዘጉ። በአራተኛው በጎቹ ራሳቸው ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ሐኪሙን ሲያዩ ተበተኑ። በሪፖርቱ ላይ ግን አርባ ስምንት በጎች ተከተቡ ተባለና ከበላይ አካል የምስጋና ደብዳቤ መጣ። አቶ ባርናባስ ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

በዚህ መካከል መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ከደረስጌ መጡ። በወረፋው ሁለተኛ የሆነው መልእክት የእርሳቸው ነበር። አንድ የእርሻ በሬ ሳል ይዞት፣ ሣር ትቶ፣ ከተኛበት መነሣት አቅቶታል።

ይህ በሬ የማን እንደሆነ አንባቢ ከወዲሁ ይወቅ። የአቶ ባርናባስ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አረጋሽ ናቸው ከሁለት ዓመት በፊት ለመሪጌታ በአደራ የሰጡት፤ እያረሱበት እንዲጠብቁት። አቶ ባርናባስ መሪጌታን በዓይን አያውቋቸውም እንጂ «የኔ ቦራ» እያሉ ስለ በሬው ያላወሩለት ሠራተኛ የለም። ከሥልጣናቸው ቀጥሎ የሚወዱት እሱን ነበር።

«ጌታዬ» አሉ መሪጌታ ባርኔጣቸውን ይዘው፣ «በሬው የአደራ ነው። ባለቤቱንም እርሰዎ…»

«ይቅርታ መሪጌታ። ተራው ሳይደርስ ዝርዝር መስማት አድልዎ ይሆናል።»

«የማን እንደሆነ እንኳ ልንገረዎት።»

«እሱንማ ጭራሽ አይንገሩኝ። ፍትሕ ማለት የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ማገልገል ነው።»

መሪጌታ ትንሽ አሰቡ። «ሐኪሙሳ ወዴት ነው?»

«በየዳ ነው፤ በግ ሊከትብ።»

«በጎቹ ታመው ነው?»

«ኧረ ደኅና ናቸው። በወረፋው ግን ቀዳሚ ናቸው።»

ትሕትና አላስቻላትም። «አቶ ባርናባስ፣ አንድ ጊዜ ልጫነውና ሙሌ ሲመለስ በደረስጌ በኩል ይለፍ። በሬው ይሞታል።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ አቶ ባርናባስ በአባትነት ድምፅ። «ሥርዓት ከፈረሰ ነገ በሬ ሁሉ እየተነሣ ‹እኔ ልቅደም› ይላል።»

መሪጌታ ሦስት ጠዋት ተመላለሱ። ሦስቱንም ጠዋት የባለቤቱን ስም ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሦስቱንም ጠዋት ስለ ፍትሕ ትምህርት ተሰጣቸው። በአራተኛው ቀን ወደ በሬው ተመለሱ።

ገዱ ሰርተፍኬቱን ይዞ ሲመጣ ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ንግግር ተደረገ፣ ቁልፉ ተጫነ። ቀጣዩ መልእክት ብቅ ሲል ትሕትና ጮክ ብላ አነበበችው።

«ደረስጌ። የእርሻ በሬ፣ ቦራ። ጠባቂ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ። ባለንብረት…» ቀና ብላ አቶ ባርናባስን አየቻቸው።

«ቀጥዪ እንጂ።»

«ባለንብረት አቶ ባርናባስ፣ የዚህ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ።»

አቶ ባርናባስ ስልኩን አንሥተው ደወሉ። «መሪጌታ፣ በሬው እንዴት ነው?»

«ዓርብ ዕለት ሞተ፣ ጌታዬ። ቆዳውን አስቀምጬለዎታለሁ።»

«ታዲያ ሰው እንዴት አይነግረኝም?»

«ሊነግረዎት የመጣ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ እኔ ነኝ።»

አቶ ባርናባስ ከልባቸው አዘኑ። ግን መልእክቱ እስካልተዘጋ ድረስ በየጠዋቱ እየወጣ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት በሬያቸውን ከነስማቸው ሊጠራው ነው። ስለዚህ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ጸሐፊው «በወረፋው ሥርዓት መሠረት ተስተናግዷል» ብሎ ጻፈና አንድ ባዶ መስመር ሲቀረው ቆመ።

«ይሄ የባለንብረቱ አስተያየት ነው» አለ። «ቅር ተሰኝቻለሁ ካሉ ጉዳዩ ለማጣራት ወደ በላይ አካል ይሄዳል። ቁልፉን ማን አዘገየ ብለው ይጠይቃሉ።»

ገዱ ጣሪያውን አየ። ትሕትና መስኮቱን አየች። አቶ ባርናባስ እስክሪብቶውን ወሰዱና በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው «በተሰጠኝ ፈጣን አገልግሎት እጅግ ረክቻለሁ» ብለው እንደ ባለንብረት ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው በሰብሳቢነት አጸደቁት።