ያልተሸጡት መቶ አሥራ ስድስት ቀሚሶች

ጉለሌ ውስጥ ሱቅ የከፈተ ሰው ሦስት ነገር አያጣም፦ ፈቃድ፣ አይጥና መካሪ። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ አይጧም አንድ ቀን በወጥመድ ትያዛለች። መካሪው ግን አይታደስም፣ አይያዝም። ከእንጦጦ የሚወርደው የጠዋት ጉም ባሕር ዛፉን ሳይለቅ እርሱ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ለረይሃና የደረሷት መካሪ ክቡር ጋሽ ስብሐት ናቸው፤ የመዝገብ አባት፣ የቴሌግራም ሊቀ ሊቃውንት። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጡ ይባላል። ጡረታ የወጣው ደመወዛቸው ነው እንጂ እርሳቸውስ አልወጡም። ረይሃና ዊንጌት ታክሲ መያዣው ጀርባ አባያ፣ ሂጃብና ቀሚስ የምትሸጥባትን ጠባብ ሱቅ ከከፈተች ጀምሮ አንድም ጠዋት ቀርተው አያውቁም። ሰላምታቸውም እንደ ሰው "እንዴት አደርሽ" አይደለም።

"ተጽፏል?"

"ምኑ ጋሽ ስብሐት? ገና በሩን እየከፈትኩ እኮ ነው።"

"የትናንቱ ሽያጭ።"

"የትናንቱ... እ... ማለቴ፣ በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ።"

"ጭንቅላት ሻሽ ማሰሪያ ነው ልጄ፤ መዝገብ አይደለም።"

ይህን ብለው ዝም ቢሉ ደግ ነበር። እርሳቸው ግን በትዝታ ዜማ፣ ዓይናቸውን ከደን አድርገው፣ በወጣትነቱ የተለየችውን ቆንጆ እንደሚያስታውስ ሰው ያንጎራጉራሉ፦

*ሸጠው ያልጻፉት ብር፣ የክረምት ጎርፍ ውሃ፣*
*ሲወርድ ያስገመግማል፣ በጋ ላይ በረሃ።*

ስለ ደረሰኝ እንዲህ የሚዘፍን ሰው ረይሃና አይታ አታውቅም። የገረማት ደግሞ ዜማው ልቧ ውስጥ መቅረቱ ነው። ቤቷ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ ጎርፉ ያስገመግምባታል።

የሽንኩርት ነገር ከተነሳ፣ አንድ ቀን ከሱቁ መሳቢያ ሁለት መቶ ብር አንስታ ሽንኩርት ልትገዛ ስትል ደረሱባት።

"የማን ገንዘብ ነው?"

"የራሴ ነዋ!"

"የሱቁ ነው። ባልና ሚስት እንኳን ሁለት ትራስ አላቸው፤ የሱቅና የቤት ገንዘብ እንዴት በአንድ ቦርሳ ያድራሉ?" አሉና "ረይሃና ከሱቁ ሁለት መቶ ብር ወስዳለች" ብላ እንድትጽፍ አስገደዷት። አስፈረሟትም። ከዚያ ወር ጀምሮ ለራሷ ደመወዝ እንድትቆርጥ አደረጓት። መጀመሪያ ሳቀች። በወሩ መጨረሻ ግን ሱቁ የሚበላውንና እርሷ የምትበላውን ለየች፤ ሱቁ ከእርሷ የባሰ በላተኛ ኖሯል።

ምክራቸው መዝገብ ላይ አያበቃም። ረይሃና ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍታ "ዋጋ በውስጥ መስመር" ብላ ስትለጥፍ፣ "ዋጋው ምን ሰርቆ ነው የሚደበቀው?" አሏት። አረንጓዴውን አባያ አምፖል ሥር ፎቶ አንስታው ጥቁር መስሎ ደንበኛ በመለሰባት ጊዜ ደግሞ፣ ቀሚሶቹን ሁሉ አሸክመው ደጅ አወጧት። "ፀሐይ በነፃ የምትሠራ ፎቶ አንሺ ናት፤ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምትገባው፤ አታስጠብቂያት።" ጎረቤቷ ኑሕ፣ ጫማ ሻጩ፣ ገንዘብ ተልኳል የሚል ፎቶ ብቻ አይቶ ሁለት ጥንድ ጫማ ለሌባ ሲያስረክብም ሊያጽናኑት ገቡ። "የበሬ ፎቶ ወጥ ይሆናል?" አሉት። መጽናናቱ ይህ ነበር። ኑሕ ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ ስልኩ ላይ መግባቱን ሳያይ ጫማ ከእጁ አይለቅም፤ ጋሽ ስብሐትን ሲያይ ደግሞ መጋረጃ ጀርባ ይገባል።

ከምክሮቻቸው ሁሉ ረይሃናን ጣጣ ውስጥ የከተታት ግን ትንሿ ነበረች። "የተሸጠውን ቀሚስ ፎቶ አታጥፊው፤ 'ተሽጧል' ብለሽ ጻፊበት። ሰው የሚመኘው ሌላው የተመኘውን ነው።" ጻፈች። እውነትም ገዢ መጣ። ከዒድ በኋላ ግን ገበያው እንደ በጋ ምንጭ ደረቀና እጇ ያልተሸጠውም ላይ መጻፍ ጀመረ። አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ላይ "ተሽጧል"፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያያታል። አንድ ወይን ጠጅ ላይ "ተሽጧል"። የሸማቾችን ልብ ለማሞቅ ነው፣ ምን ችግር አለው ብላ ራሷን አባበለች። ለጋሽ ስብሐት አልነገረቻቸውም።

ቻናሉን ከሚከታተሉት አንዷ የሱቁ አከራይ እትዬ ዓለሜ መሆናቸውን አታውቅም ነበር። እትዬ ዓለሜ ቀሚስ ገዝተው አያውቁም፤ ይቆጥራሉ።

"ባለፈው ወር መቶ አርባ ሰባት ቀሚስ ሸጠሻል፤ እሰየው ልጄ" አሏት ሱቋ ድረስ መጥተው። "ከሚቀጥለው ወር ኪራዩ ከአሥራ ሁለት ሺህ ወደ አሥራ ስምንት ሺህ ከፍ ብሏል። ካልተመቸሽ ሰኞ ቁልፉን።"

ረይሃና አሰላችው። አሥራ ስምንት ሺህ ከከፈለች ሱቁን የምትሠራው ለእትዬ ዓለሜ ነው፤ ካልከፈለች ደግሞ አራት ዓመት ደንበኛ ያፈራችበትን በር ልትዘጋ ነው። ጋሽ ስብሐት ይህን ሲሰሙ መዝገቡን ብብታቸው ሥር ከተቱና "ተነሺ" አሏት። ቁጥር አይዋሽም እያሉ፣ እርሷ ከኋላ ከኋላ እየተጎተተች፣ ወደ እትዬ ዓለሜ ቤት ዳገቱን ወጡ።

እትዬ ዓለሜ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን አወጡ። "መቶ አርባ ሰባት። ቆጥሬአለሁ።"

ጋሽ ስብሐት መዝገቡን ገለጡ። "ሠላሳ አንድ።"

ሁለቱም ወደ ረይሃና ዞሩ።

"መቶ አሥራ ስድስቱ... አልተሸጡም" አለች ረይሃና። "ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት። ገበያ ያለኝ እንዲመስል።"

ጋሽ ስብሐት አዩዋት። ለሁሉ ነገር ግጥም የማያጡት ሰው መዝገቡን ከደኑት። የመዝገቡ መከደን ከስድስት ሺህ ብር በላይ ከበዳት።

"በይ እንግዲህ፣ ለደንበኛ የዋሸ አፍ ለኔ እውነት መናገሩን በምን ልወቅ?" አሉ እትዬ ዓለሜ።

"መዝገቡን እኔ በየጠዋቱ አይቼዋለሁ" አሉ ጋሽ ስብሐት ቀስ ብለው። "ለተጻፈው ዋስ ነኝ። ላልተሸጠው እርሷ ታፍራለች፤ አፍራለችም።" ከዚያ መነጽራቸውን አስተካከሉና ድምፃቸው በአንዴ ሞቀ። "እርስዎስ ወይዘሮ ዓለሜ? አሥራ አንድ ተከራይ አለዎት። የሁሉም ውል የት ነው?"

"ምን አገባዎት?"

"የጣሪያው ጥገና ስንት ፈጀ? ከየትኛው ቤት ኪራይ ላይ ነው የወጣው? ባለፈው ዓመት ያልከፈለው ማን ነው? ተጽፏል?"

እትዬ ዓለሜ ንቀው ሊስቁ ፈለጉ፤ ግን ጥያቄው ገባቸው። ከቤት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። ቆርቆሮው ውስጥ ስድስት ዓመት ተኝቷል፦ የባንክ ወረቀት፣ የቆርቆሮና የምስማር ደረሰኝ፣ ውሃ የነካው ውል፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ። ጋሽ ስብሐት እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ጀመሩ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለተኛው ተጋመሰ። ስለ ትራሱ ነገሯቸው። ጎርፉን ዘፈኑላቸው፤ ሁለት ጊዜ። ወደ ሦስተኛው ዓመት ደረሰኞች ሲሻገሩ እትዬ ዓለሜ ራሳቸውን ያዙ።

"በቃ! በቃ! አሥራ ሦስት ሺህ ይሁንላት! ብቻ ዛሬ እኚህን ሰውዬ ውሰጂልኝ!"

ረይሃና ሱቋ ተመልሳ፣ ጋሽ ስብሐት አጠገቧ ተቀምጠው እያዩ፣ መቶ አሥራ ስድስቱን "ተሽጧል" አንድ በአንድ አጠፋች። በምትኩ "ይቅርታ፣ እነዚህ ሁሉ አሉ፤ ዋጋቸው ይኸው" ብላ ጻፈች። አንዲት ደንበኛ ሳቀችባት። ሌላዋ ሰማያዊውን ያዘች።

በማግስቱ ጋሽ ስብሐት አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን። ረይሃና መጀመሪያ ደስ አላት፤ ማለዳው እንዴት ያለ ጸጥታ ነው! ብር ተቀብላ ኪሷ ከተተች፤ ማንም አልጠየቃትም። በአራተኛው ቀን ጸጥታው እንደ ሰፋ ጫማ እግሯ ላይ ይንሸራተት ጀመር። በአምስተኛው ኑሕ ራሱ ከመጋረጃው ወጥቶ "ሰውየው ታመሙ እንዴ?" አለ። አልታመሙም። በእትዬ ዓለሜ በረንዳ ላይ መታየታቸው ተሰማ።

ሱቁን ለኑሕ አደራ ብላ ዳገቱን ወጣች። ጋሽ ስብሐት ከቆርቆሮው ጀርባ ተቀምጠው፣ አምስተኛው ዓመት ላይ ደርሰዋል። ፊት ለፊታቸው የአጃ ሾርባ ይጨሳል።

"ኪራይ አመጣሽ?" አሉ እትዬ ዓለሜ።

"አይ፣ እሳቸውን ልወስድ ነው።"

"ውሰጂልኝ ያልኩት ያኔ ነው! አሁን መች ጨረስን? ከሰዓት በኋላ ውሰጃቸው።"

"ከሰዓትማ ፀሐዩ ያልፋል እትዬ ዓለሜ። ጠዋት ነው የምፈልጋቸው።"

"ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ለኔ ይሁን።"

"አይሆንም።"

"ሐሙስን ብቻ!"

ጋሽ ስብሐት ስለ እርሳቸው እንዳልሆነ ሁሉ አንድ ደረሰኝ ዘቅዝቀው ያነቡ ነበር። በኪራዩ ላይ አንድ ሺህ ብር የጨመረችው ረይሃና፣ በሰውዬው ላይ አንድ ጠዋት እንኳ አልቀነሰችም።