ከጋሼ ዋቅቶላ ጋር ፓራፋንጎ ስንገዛ

አዲስ አበባ ውስጥ ብቻውን ዕቃ የሚገዛ ሰው የለም። ለካልሲም ቢሆን «ዕቃ የሚያውቅ» ሰው ይዘን እንሄዳለን። ሰውየው ምን እንደሚያውቅ ግን ጠይቀን አናውቅም። በየሰፈሩ አንድ አለ፤ የእኛው የወሰን ሰፈሩ ጎረቤቴ ክቡር ጋሼ ዋቅቶላ ናቸው። ጡረታ ሳይወጡ በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት ግዢ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ኮሚቴው ፈርሷል፤ እሳቸው ግን አባልነታቸውን አልለቀቁም።

መፈክራቸው አንድ ነው፦ «እኔ ሳላየው እንዳትገዛ!»

የግቢያችን ልብስ ሰፊ መሠረት ፍሪጅ ልትገዛ ይዛቸው ወጥታ በቬንቲሌተር ተመለሰች። «ወሰን ራሱ ፍሪጅ ነው፣ ምን ያደርግልሻል?» አሏት። ታዲያ ቬንቲሌተሩ ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልተብራራም።

ዘንድሮ ክረምት ተራው የእኔ ሆነ። ብስክሌቴ ከኋላ ጭቃ የሚከላከል ፓራፋንጎ የላትም። እንጦጦ ላይ ደመናው በጠቆረ ቁጥር፣ ከወሰን ሲግናል ሰፈር እስክደርስ ጎማው ከወገቤ እስከ ማጅራቴ መስመር ያሰምርብኛል። ሲግናል የምሄደው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አስተናጋጅ ነኝ። ሰው ወደ ወንበር ስመራ ጉባኤው ሁሉ ጀርባዬን ያነባል።

«እሁድ ጀርባህ ላይ አንዲት መስመር ካየሁ፣ ሰኞ ብስክሌቷን ለቆራሌው እሰጣታለሁ» አለች ባለቤቴ ፌበን። ፌበን እንዲህ ባለ ነገር አትቀልድም። ቆራሌውም በራችን ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ማድረግ ጀምሯል።

ቅዳሜ ጋሼን ይዤ ወደ ከድር መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ከድር የፕላስቲኩን አወጣ። ጋሼ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄ ፓራፋንጎ ነው ወይስ የጀሪካን ክዳን?»

የብረቱን አወጣ።

«ይዝጋል።»

«ጋሼ፣ አዲስ እኮ ነው!»

«አንተስ ድሮ መላጣ ነበርክ?»

ከድር ቆቡን ወደ ታች ሳበ። በመጨረሻ ከጎማው ኋላ እስከ ታች የሚወርድ ረጅም ጥቁር ፓራፋንጎ አገኘና ጋሼ ዝም አሉ። ዝምታቸው ፊርማቸው ነው። ገዛሁት።

ሰፈር ስንደርስ ግን አንገታቸውን ነቀነቁ። «ረዝሟል። መንገድ ሊጠርግልን ነው እንዴ?» መጋዝ አስመጡና ከታች አንድ ስንዝር ቆረጡለት።

«ጋሼ፣ ጭቃው እኮ...»

«ጭቃው የት ነበር የሚያርፈው?»

«ጀርባዬ ላይ።»

«ታዲያ ታች ምን ትፈልጋለህ?»

ፓራፋንጎውን ብስክሌቷ ላይ ገጠሙት። ብሎኑን አጠበቁ፤ ጎማው ሲነካው ፈቱ፤ ደጋፊውን ዘንግ አጎበጡ፤ እንደገና አሰሩ። በመጨረሻ ጎማው ያለ ድምፅ ዞረ። ከማናችንም በላይ የተገረሙት እሳቸው ነበሩ።

እሁድ ጠዋት መንገዱ ቦክቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፌበን ቆማ ጠበቀችኝ።

«ዙር።»

ዞርኩ። ነጭ ሸሚዜ ነጭ ነበር።

«ተርፋለች» አለች፤ ስለ ብስክሌቷ ነው።

ወዲያው ከኋላችን የብስክሌት ደወል ጮኸ። ጋሼ ዋቅቶላ ከአሮጌ ብስክሌታቸው ወረዱ። ከከረባታቸው እስከ ግንባራቸው ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር ተሰምሯል። ፓራፋንጎው ሲሠራ ለማየት ከወሰን ጀምሮ ከኋላዬ ተጠግተው ሲከተሉኝ ነበር ለካ። ያቺ የቆረጧት ስንዝር ሥራዋ ምን እንደነበር ፊታቸው ላይ ተጽፏል።

«ጀርባህን ሳየው ነው የመጣሁት» አሉ ከንፈራቸውን እየጠረጉ። «ንጹሕ ነው! አላልኩህም?»

ፌበን መሐረቧን አወጣች። «እርስዎን ደግሞ ለማን ልስጥ?» እያለች ግንባራቸውን ጠረገችላቸው።

ትናንት በከድር ሱቅ ሳልፍ፣ ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ የምትታሰር የላስቲክ ቁራጭ አሳየኝ። የተቆረጠችው ስንዝር ልክ ነች። ከኋላ ለሚከተል ሰው ጭቃውን ታስቀርለታለች።

«ውሰዳት እንጂ» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት። «ጋሼ ሳያዩዋት አይሆንም።»