ጁምአ በወንበር

መቀመጥ ቀላል ነገር መስሏችሁ ከሆነ ገና ልጆች ናችሁ። ወይም ዳሌያችሁ ጤነኛ ነው። እኔም እንደናንተ ነበርሁ። ስቀመጥ "አሁን ልቀመጥ ነው" ብዬ አስቤ አላውቅም። ቁጢጥ እላለሁ፣ እነሳለሁ፣ አለቀ። አሁን ግን ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ባለቤቱን ሳይሆን መቀመጫውን ነው። "እንዴት ሰነበትህ አያ ይመር" ሲሉኝ ዓይኔ በርጩማው ላይ ነው። ዝቅ ያለ ከሆነ እንደ ቆምሁ ሰላምታዬን ጨርሼ እወጣለሁ። ሰው ኩራት ይመስለዋል። ምን ላድርግ?

እኛ የራያ ቆላ ሰዎች ደግሞ ኑሯችን መሬት ላይ ነው። ልብ ብላችሁ እዩን እስቲ። ቆቦ ገበያ ሻጩም ገዥውም ቁጢጥ ብሎ ነው የሚከራከረው። ሽማግሌ ለእርቅ ሲቀመጥ ድንጋይ ላይ ነው። ግመል እንኳ የሚጫነው ተንበርክኮ ነው። ምግቡ መሬት፣ ወሬው መሬት፣ ሰላቱ መሬት። የሽንት ቤቱን ነገር ለጊዜው ተዉት፤ እመለስበታለሁ።

ሕመሙ የጀመረው ብሽሽቴ ላይ ነው። ብርድ ነው አልሁ። በኛ ሙቀት ብርድ ከየት ይመጣል? ግን ሰው የማያውቀውን ነገር ብርድ ነው ይላል። መስጊዳችን ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ ማሽላው ሲታጨድ ከደጄ ላይ ይታያል። መጀመሪያ ለሰላቱ ማርፈድ ጀመርሁ። ቀጥሎ ከጁምአ በቀር መሄድ ተውሁ። በኋላ ጁምአም ቀረ። ቤቴ ግድግዳ ተደግፌ፣ እግሬን ዘርግቼ መስገድ ያዝሁ።

እንዲህ መሆኑ ለምን ከበደኝ መሰላችሁ? መስጊዱ ውስጥ ምሰሶው አጠገብ ቦታ አለኝ። ከጎኔ እንድሪስ ነው። ከጎረምሳነታችን ጀምሮ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን የሰገድን ሰዎች ነን። እንድሪስ ድሮ አፋር ድረስ ወርዶ ግመል የሚነግድ ሰው ነበር። እኔ ብዙ አልናገርም፤ እሱ ለሁለታችን ይናገራል። እንግዲህ ቤት ስሰግድ ትከሻዬ አጠገብ ያለው ግድግዳ ነው። ግድግዳ ደግሞ ሰላት ሲያልቅ ዞሮ አያላግጥብህም።

የታመመ ሰው ቤት ሁሉም ምክር ይዞ ይመጣል። እንድሪስ የግመል ስብ አምጥቶ ታሽ አለኝ፤ ታሸሁ። ጎረቤቴ ሞላ ክርስቲያን ነው፤ "ጠበል እንውሰድህ፣ ጠበል ሃይማኖት አይጠይቅም" አለ። "ለአንተ ሆድ መች ሠራ?" ብሎ እንድሪስ አፉን አስያዘው። ከሮቢት የመጣው ወጌሻ ደግሞ እግሬን ይዞ ሳበ። ከዚያ ወዲያ ወጌሻ ሲጠራ እንኳ ዳሌዬ ይሰማል።

ልጄ ሰዓዳ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ለአረፋ መጣችና ግድግዳ ተደግፌ ስሰግድ አየችኝ። ምንም አላለችም፤ እኔን ነው የወጣችው። በዓሉ እንዳለፈ ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሁት። ፎቶውን በብርሃን ላይ አድርጎ አሳየኝ። "አባት፣ ይህ ዘነዘናው ነው፣ ይህ ሙቀጫው ነው። ሁለቱም ተበልተዋል። አጥንት ከአጥንት ጋር ነው የሚወቀጠው" አለኝ። ገባኝ። አውጥተን በብረት እንተካዋለን አለ። ይህም ገባኝ። ከዚያ ሰዓዳ ካርዱን ልታስተካክል ወጣ እንዳለች ሌላውን ነገረኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቁጢጥ ማለት የለም፣ እግር ማጠላለፍ የለም፣ ዝቅ ያለ ነገር ላይ መቀመጥ የለም፣ ጎንበስ ብሎ መሬት መንካት የለም። "ጥያቄ አለዎት አባት?" አለኝ።

"የለኝም" አልሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ጥያቄ አለህ ወይ ሲሉኝ የለኝም እንዳልሁ ነው። ስብሰባም ላይ፣ ቀበሌም፣ ሠርጌም ቀን።

ላስብበት ብዬ ተመለስሁ። ሰዓዳ ተቆጣች፤ ምኑን ነው የምታስበው አለች። የማስበውንማ እኔ አውቃለሁ። ጎንበስ ብሎ መሬት መንካት የለም ማለት ሱጁድ የለም ማለት ነው። ግንባሬ ከእንግዲህ መሬት አይነካም። ብረቱን ካስገባሁ ተራምጄ መስጊድ እደርሳለሁ፤ ግን ከእንድሪስ ጎን አልወርድም። ካላስገባሁ ደግሞ መስጊዱን በሩቁ ሳይ እኖራለሁ። እግሬን ነው ግንባሬን?

የመስጊዳችን ሼህ ቤት አህያ ላይ ተጭኜ ሄድሁ። ሰምተው ሲጨርሱ "አሁን ሱጁድ ትወርዳለህ ወይ?" አሉኝ።

"አልወርድም።"

"ታዲያ ምን ይቀርብሃል?"

"አሁን የከለከለኝ ዳሌዬ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ያን ጊዜ ግን ለቀዶ ጥገናው ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈርሜ፣ ወድጄ ልተወው ነው።"

ሼሁ ቶሎ የሚመልሱ ሰው ናቸው። ያልቻለ ተቀምጦ ይሰግዳል፣ መቀመጥ ያልቻለ ተኝቶ ይሰግዳል፣ ዲኑ አላጠበበብህም፣ አንተ ነህ ያጠበብኸው አሉ። "እግርህ ያምጣህ እንጂ የግንባርህን አላህ ያውቃል።"

ባለቤቴ ዘሀራ ከሼሁ ይልቅ በአጭሩ ተናገረች። "አንተ ሱጁድ ሱጁድ ትላለህ፤ ስታቃስት የምሰማው እኔ ነኝ" አለች። እዚህ ላይ ቆረጥሁ።

ልሄድ ስል ግን አንድ ነገር አማረኝ። መሬቱን ልሰናበት። በአሱር፣ በከሰዓቱ ሰላት፣ ብቻዬን ሆኜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እንደምንም ወረድሁ። ግንባሬ ሰሌኑን ነካ። ያልሁትን አልነግራችሁም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ መነሳት አቃተኝ። ዘሀራ ገባ ስትል እንደተደፋሁ አየችኝ። ዱአ የማረዝም መስሏት በእግሯ ጫፍ ተመልሳ ወጣች። ልጣራ አፈርሁ። ሌላ ዱአ ጀመርሁ። የማውቀው ሁሉ አለቀ። የዘመድ አዝማዱን፣ የጎረቤቱን፣ የሞላን በሬ ሳይቀር ዱአ አደረግሁ። መግሪብ ሲቃረብ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው ዘሀራ ጠርጥራ መጥታ ያነሳችኝ። "ይህን ያህል ሰፊ ልመና እንዳለህ አላውቅም ነበር" አለችኝ።

ስለ ቀዶ ጥገናው ብዙ የምለው የለኝም። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ እንጂ ጆሮዬን አላደነዘዙም። መዶሻ ሰማሁ። እውነተኛ መዶሻ። ቆቦ ማረሻ የሚቀጠቅጡበት ቦታ የተኛሁ መሰለኝ። በማግስቱ አራት እግር ያለው ብረት አስይዘው አቆሙኝ። ሌላ ሕመም ነበር፤ የቁስል ሕመም። ያ ብሽሽቴን ይበላ የነበረው ግን ጠፍቷል። ስፈልገው አጣሁት።

ቤት ስመለስ ዘሀራ አልጋውን በብሎኬት ከፍ አድርጋ ጠበቀችኝ። የባጃጁ ሾፌር ትራስ ላይ ትራስ ደርቦ፣ ጣሪያው ራሴን እየነካኝ አመጣኝ። አሁን ሽንት ቤቱ ላይ ደረስን። አናጢ ተጠርቶ የእንጨት ወንበር መሐሉን በስቶ ጉድጓዱ ላይ አቆመልኝ። ይህ ወሬ ከኔ ዳሌ በላይ አገሩን አዳረሰ። አላህ ያሽርህ ሊለኝ የመጣ ሁሉ አንድ ዓይኑ ወደ ጓሮ ነው። እንድሪስ መጣ፣ ጠየቀኝ፣ ሽንቴ መጣ ብሎ ወጣ። ቆየ። ቡናው ቀዘቀዘ። ሲመለስ ፊቱ ፈክቷል፤ ግን ስለ ወንበሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እንድሪስ አይቶ ያላወራው ነገር ኖሮ አያውቅም። በማግስቱ ደግሞ ሊጠይቀኝ መጣ። በሳልስቱም፤ በመጣ ቁጥር ሽንቱ ይመጣል። ዘሀራ "እንዴት ያለ ወዳጅ ነው፣ አንድም ቀን አይቀር" ትላለች። እኔ ግን ጠረጠርሁ።

ባለ አራት እግሩን ብረት ጥዬ በዱላ መሄድ ስጀምር ከቆቦ ገበያ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አስመጣሁ። የመጀመሪያው ጁምአ ላብ በላብ አደረገኝ። መንገዱ አልነበረም፤ እግሬማ እንደ ጎረምሳ ሄደ። ወንበር ይዞ መስጊድ መግባቱ ነው። ከምሰሶው አጠገብ፣ ከእንድሪስ ጎን አስቀመጥሁት። እንድሪስ ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ። "ሹመት ያዳብር" አለኝ። "ከሼሁ በላይ ተቀመጥህ እኮ።"

ሰላቱ ተጀመረ። ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ብቻ ላይ ቀረሁ። ዓይኔን ከሱጁዱ ቦታ አላነሳም ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከጎኔ የሚያቃስት ነገር ሰማሁ። እንድሪስ ሊነሳ ነው። አንድ እጁ መሬቱን ይገፋል፣ ሌላው ምሰሶውን ይቧጥጣል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ከፊት ያሉትም ሽማግሎች እንደዚያው ናቸው። አንዱ የልጁን ትከሻ ይዞ ይነሳል፣ አንዱ በክርኑ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ስሰግድ አላየሁም። በምን አያለሁ? እኔም ተደፍቼ ነበራ።

በሚቀጥለው ጁምአ በባጃጅ ሁለት ወንበር ይዤ መጣሁ። ሁለተኛውን ከእንድሪስ ጎን አደረግሁት።

"ይህ ደግሞ ለማን ነው?" አለ።

"ለዱላዬ" አልሁ።

ዱላዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥሁ። እንድሪስ "ዱላህም ተሾመ" ብሎ ሰው አሳቀ፤ ሰገደ፣ አቃሰተ። ዱላዬ እንዲህ ተከብሮ ጥቂት ጁምአ ሰነበተ። አንድ ቀን ስገባ ዱላ ማስቀመጫው ላይ እንድሪስ ተቀምጧል። "ዱላህ ግድግዳ ቢደገፍ ይሻለዋል ብዬ ነው" አለኝ። እሽ አልሁ።

ከዚያማ ማን ያቆመው? የልጁን ትከሻ ይዞ የሚነሳውም አስመጣ፣ በክርን የሚነሳውም አስመጣ። ቀይ አለ፣ አረንጓዴ አለ። ሼሁም አልተቆጡም፤ ያልቻለ ይቀመጥ፣ የቻለ ግን በስንፍና እንዳይቀመጥ ብለው ብቻ አስጠነቀቁ።

ዓመት ሲሞላ ለምርመራ አዲስ አበባ ሄድሁ። ሐኪሙ አስኬደኝ፣ አገላበጠኝ፣ ፎቶውን አየ፣ ደስ አለው። "ሰላት መሬት ላይ እየሰገዱ ነው?" አለኝ።

"እርስዎ ከልክለውኝ?"

"እኔ? እስከ መቼ ነው ያልኩዎት?"

"አላሉኝም።"

"አልጠየቁኝም?"

"አልጠየቅሁም።"

የከለከለው ቁስሉ እስኪድንና ጅማቱ እስኪጠና ለነበሩት ወራት ነው ለካ። ሰዓዳ ራሷን ያዘች። "አባዬ፣ ዓመቱን ሙሉ? አንዲት ቃል ብትጠይቅ ምን ነበረበት?" እያለች ታለቅስም ትስቅም ጀመር። ሐኪሙ እዚያው ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፈ። ቀስ ብለው፣ እንዲህ፣ እንዲህ እያለ አወረደኝ። ግንባሬ ነካ። ወለሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ከዚያ የተሻለ ሽታ አሽትቼ አላውቅም። ተነሱ አለኝ፤ ምንም ሳልይዝ ተነሳሁ።

በአውቶቡሱ ደስታው እስከ ደሴ አብሮኝ መጣ። ከደሴ ወዲህ ሐሳብ ተካው። ያኔ "እስከ መቼ?" ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ቤቴ ቁጭ ብዬ ወራቱን እጠብቅ ነበር፤ ወንበር ይዤ ባልሄድሁ፤ እንድሪስም ምሰሶውን እየቧጠጠ በኖረ። አሁን እኔ ስወርድ እሱ ምን ሊል ነው? ጉልበቱ እንደሆነ ብረት አልገባለት። አውቀዋለሁ። ይመር በብረት ወርዶ እኔ ወንበር ላይ አልቀርም ይላል። እሱ ከወረደ ሌሎቹም ይወርዳሉ።

የቻለ መውረድ አለበት። ይህን ሼሁን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጁምአ ደረሰ። ገባሁና ሰማያዊውን ወንበሬን አንስቼ ግድግዳው ጥግ አደረግሁት።

"ምነው?" አለ እንድሪስ።

"ሐኪሙ ፈቀደ።"

እንድሪስ እጁን ወንበሩ ላይ ተጭኖ ብድግ ማለት ጀመረ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማኝ። ወንበሩን ወደ ኋላ ሊገፋ ነው። ያ ጁምአ በሕይወቴ ብዙ የተናገርሁበት ሆነ።

"ተው፣ እንድሪስ። መውረዱን ፈቀዱልኝ እንጂ መነሳቱ ከባድ ነው። የምይዘው ያስፈልገኛል። ባዶ ወንበር ደግሞ ይገለበጣል፤ ሰው ሲቀመጥበት ነው የሚጠናው።"

ቆም ብሎ አየኝ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ዘና ብሎ። "ይህን ቀድመህ አትናገርም?" አለኝ። በዚያ በኩል የነበሩትም ሽማግሎች ሲያቅማሙ ቆይተው በየወንበራቸው ተመለሱ።

አሁን ሰው ሲጠይቀው እንድሪስ መልስ አለው። "እኔማ ጤነኛ ነኝ፤ የምቀመጠው ለይመር ብዬ ነው፣ ካለኔ አይነሳም" ይላል። ቆቦ ገበያም ድረስ ወርዶ ይህንኑ አውርቷል። እኔም ከሱጁድ ስነሳ የወንበሩን ጠርዝ ያዝ አደርጋለሁ። ሐኪሙ ፊት ምን ይዘህ ተነሳህ ብሎ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።