ዘግይቶ እጅ የሚነሳው ገብስ

ጥበብ ካደረባቸው ኮሚቴዎች ሁሉ የሚበልጠው ደብረ ታቦር ውስጥ ነው ያለው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቆየን። ይሄ ኮሚቴ አንድ ካሜራ ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሰበሰበ፤ አገር መሪ ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አይጨነቅም።

ነገሩን ያመጣችው የሥዕል መምህሯ ሠናይት ናት። በመሥሪያ ቤቱ አሮጌ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር የገብስ ማሳ ታበራለች፤ ልክ የጉና ተራራ ገብስ፣ ዛላው የከበደው። ሰው በግድግዳው ሥር ሲያልፍ ካሜራ እርምጃውን አይቶ ለኮምፒውተር ይነግራል፣ ገብሱም ሰውየው በደረሰበት ቦታ ሁሉ ጎንበስ ይላል። ይኸው ነው። ለቡሄ እንግዶች ይመጣሉ። ከወደዱት አዳራሹ ለዓመት የሠናይትና የተማሪዎቿ ይሆናል። ካልወደዱት የማዳበሪያ መጋዘን ነው፣ አለቀ።

«የምፈልገው ትንሽ ካሜራ ነው» አለች ኮሚቴው ፊት ቆማ። «ምስሉ ድብዝዝ ቢል ግድ የለኝም። ብቻ ፈጣን ይሁን። ያየውን እዚያው በዚያው ለኮምፒውተሩ ያድርስ።»

የኮሚቴው ጸሐፊ አስናቀ ብዕሩን አነሳ። «ድብዝዝ ብዬ ልጻፍ?»

«ቆይ!» አሉ ኃላፊው አቶ ባዩ። «ልጄ፣ የመንግሥት ካሜራ ድብዝዝ ይሆናል?»

«ጋሼ፣ ፎቶ አያነሳም እኮ። የሰው እንቅስቃሴ ነው የሚከተል።»

«ቢከተልስ! ማንን እንደሚከተል ለይቶ ማወቅ የለበትም?»

ኮሚቴው ራሱን ነቀነቀ። እውነትም ማንን እንደሚከተሉ ሳያውቁ መከተል በዚያ መሥሪያ ቤት ታይቶ አይታወቅም።

ሁለት ካሜራ ለፈተና ቀረበ። አንዷ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ሌላው የቡሄ ሙልሙል የሚያክል አፍንጫ የተገተረበት። አቶ ባዩ ክራቫታቸውን አስረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ንቅንቅ እንዳይሉ!» አለ አስናቀ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላሉም። እንቅስቃሴ የሚከተል ካሜራ ድንጋይ ሆኖ በተቀመጠ ሰው ተፈተነ፤ እንዲህ ያለ ፈተና ለማውጣት ተራ ጭንቅላት አይበቃም።

ውጤቱ ታየ። በትንሿ ምስል አቶ ባዩ የተቀቀለ ድንች መሰሉ። በትልቁ ግን የጢማቸው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ጋሼ፣ ይሄ ትልቁ እኮ ያየውን ለመናገር ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል!» አለች ሠናይት፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«ትልቅ ሰው አስቦ ነው የሚናገር» አሉ አቶ ባዩ።

አስናቀም ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ፦ «ትልቁ ካሜራ የኃላፊውን ግርማ ሞገስ ሳያጓድል በመያዙ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል።»

ሠናይት ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተሩን ብትለምነው፣ ብታባብለው፣ ሦስቷ ሰከንድ ወይ ፍንክች!

ቡሄ ደረሰ። ውጭ ጅራፍ ይጮኻል፣ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል። እንግዶቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። አቶ ባዩ ገቡ። እንደ ማዕረጋቸው ብቻቸውን ከፊት፣ ደረት ነፋ አድርገው። ከኋላቸው በቂ ርቀት ጠብቀው የጥበቃው ጋሽ ሙላቴ፣ ኃላፊው ንግግር አድርገው የሚያርፉበትን ወንበር ተሸክመው ይከተላሉ።

አቶ ባዩ በገብሱ ሥር አለፉ። ገብሱ ቀጥ! ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ገብሱ አሁንም ቀጥ! አልፈው ሄዱ። ይሄኔ ካሜራው አስቦ ጨረሰና፣ ልክ ጋሽ ሙላቴ ሲደርሱ አጠገባቸው ያለው ገብስ ዛላው መሬት እስኪነካ እጅ ነሳ።

ጋሽ ሙላቴ ደንግጠው ወንበሩን ጣሉት። «ኧረ በእግዜር! ኧረ ምን በወጣኝ!» ብለው እሳቸውም ለገብሱ እጅ ነሱ።

ሠናይት ኮምፒውተሩ ኋላ ተሸሸገች፤ የማዳበሪያው ሽታ ከወዲሁ መጣባት።

ከእንግዶቹ አንጋፋዋ ወይዘሮ ድንቅነሽ ብድግ አሉ። «ለሹም ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ሸክም ለተሸከመ የሚያጎነብስ ገብስ! በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ትምህርት አላየሁም። ማነው ያሰበው?»

ሠናይት አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ባዩ፣ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ።

ጭብጨባው ከዝናቡ በለጠ። አዳራሹ እዚያው ለሠናይት ተፈቀደ፤ ደብዳቤውም «ካሜራው እንዳይለወጥ፣ በምንም ምክንያት እንዳይፈጥን» ይላል።

በሳምንቱ ሌሎች እንግዶች መጡ። አቶ ባዩ በር ላይ ቆመዋል፣ ወንበር በትከሻቸው።

«ጋሽ ሙላቴ፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ምን ሲደረግ!»

«ይቅደሙ ብያለሁ!»

አስናቀ ደግሞ ሁለት ወንበር ተሸክሞ መጣ።

«አንተ ቅደም» አሉት አቶ ባዩ።

«በሞቴ! እርስዎ እያሉ?»

«እኔ ትሑት ነኝ፣ ኋላ ነው የምገባ።»

«እኔ በትሕትና እብሳለሁ፣ ሁለት ነው የያዝኩ!»

እነሱ በር ላይ በወንበር እግር ሲገፋፉ፣ ጋሽ ሙላቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ብቻቸውን በገብሱ ሥር ዳር እስከ ዳር ሄዱ። ሦስት ሰከንድ አለፈ። ገብሱ ለባዶው ወለል ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

አቶ ባዩ ይሄን ከበሩ አዩና ፊታቸው ቀላ።

«ሠናይት! አንቺ ልጅ! እኔ እስክገባ እንኳ የማይጠብቅ፣ ምን ዓይነት ችኩል ካሜራ ነው የጫንሽብን?»