ጋሽ ቢተውና የጀልባው ሞተር

በአዲስ አበባ የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ኮፈኑ ገና ቀና ሳይል አንድ ሰው እጁን ወደኋላ አጣምሮ አጠገብዎ ይደርሳል። መኪና የለውም፤ መንጃ ፈቃድም የለውም። ችግሩን ግን ያውቃል።

የእኛው፣ የቦሌ ሚካኤሉ፣ ክቡር ጋሽ ቢተው ይባላሉ። መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በጉርብትናችን አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ራዲዮኔን ጠግነው ድምፁን አጥፍተውልኛል፤ ለጥርሴ ያዘዙልኝ መድኃኒት ደግሞ ጆሮዬን አሳብጦታል። "ቆይ፣ እኔ ልንገርህ" ካሉ በቃ፣ አለቀልህ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት። የቀበሌያችን ወፍጮ የሚዞረው ከምጽዋ ተጭኖ በመጣ አሮጌ የጀልባ ሞተር ነበር። የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውሃ እዚህ ከየት ይምጣ? አንድ በርሜል ውሃ አጠገቡ አቆምንለት። አንድ ሰኞ ጠዋት ይህ ሞተር አልነሳም አለ። ማክሰኞም ያው።

የወፍጮው ሠራተኛ ተኽላይ የማስነሻውን ዘንግ፣ ማኖቬላውን፣ ሲያዞር ውሎ እጁ ተላጠ። ያስጨነቀው ግን ሞተሩ ብቻ አልነበረም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገመዳ፣ ወፍጮው እስከ ረቡዕ ካልሠራ ነገሩ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው ብሎ ነበር። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ስሙ ተኽላይ ከሆነማ የሚጠይቅለትም አይገኝ።

ጋሽ ቢተው ታዲያ ከች አሉ። ባሕር ብለው የሚያውቁት የደብረ ዘይትን ሐይቅ ነው፤ እሱንም በአውቶቡስ መስኮት። መጀመሪያ ባትሪው ነው አሉ። ሞተሩ ባትሪ የለውም። ቀጥለው ባሕር ዳርቻ ያደገ ሞተር የቦሌ ከፍታ አዙሮት ነው አሉ። በመጨረሻ ባሕሩ ናፍቆት ስለሆነ በርሜሉ ውስጥ ጨው ይጨመር ብለው ፈረዱ። አትሳቁ፤ ተጨመረ። ሁለት ቀን ሙሉ ጤፏን ይዛ የተሰለፈች ሴት ምን አማራጭ አላት? ወይዘሮ ፈለቀች ብቻቸውን አንድ ኪሎ አመጡ። እኔ፣ ተምሬያለሁ ባዩ፣ በዱላ አማሰልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ቢተው ከእሳቸው የማይጠበቅ ነገር አደረጉ፤ ጠየቁ። ናፍጣው መቼ አልቆ ነበር አሉት ተኽላይን። ልጅ ታሞበት እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር ከርሞ ኖሮ፣ ቅዳሜ ሞተሩ አጠገብ እንቅልፍ ጥሎት የናፍጣ ታንከሩ እስኪደርቅ ሞተሩ መሥራቱን በሹክሹክታ ነገራቸው። ሰኞ ናፍጣ ሞልቶበት ነገሩን ደብቋል። ሽማግሌው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ፤ በርሜሉ አጠገብ ስለነበርኩ ሰማኋቸው።

"የናፍጣ ቱቦው አየር ገብቶበታል። የቱቦውን ቡሎን አላላና አረፋው እስኪያልቅ በእጅ ፓምፑ ግፋው። ስለ እንቅልፉ ለማንም እንዳትናገር።"

ይህን ከየት እንዳወቁት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ተኽላይ መፍቻውን ሳያነሳ ጓድ ገመዳ ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ገባ። ሦስት ቀን ሕዝብ ያስራበው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ተኽላይ አፉን ሊከፍት ሲል ጋሽ ቢተው ቀደሙት።

"እኔ ነኝ ጓድ። ስለ ሞተር የማውቀው ነገር የለም። ዝም ብዬ ጨው ጨመርኩበት።"

ጓድ ገመዳ ጣቱን በርሜሉ ውስጥ ነክሮ ቀመሰ። ፊቱን አጨማደደ፤ ከዚያ ሳቀ። ይኼስ አሻጥር ሳይሆን ድንቁርና ነው አለና አሥራ አምስት ቀን ቀበሌ እስር ቤት ፈረደባቸው። ተከትያቸው ሄድኩ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መዝገብ ተከፍቶ ስማቸው ሰፈረ፤ ከስማቸው ትይዩ "ጥፋት፦ አለማወቅ" ተብሎ ተጻፈ። መነጽራቸውን አድርገው አንዴ አነበቡትና ፈረሙ።

ቀለሙ ሳይደርቅ ከወፍጮ ቤቱ በኩል ሞተሩ ዱግ ዱግ ማለት ጀመረ። ጓድ ገመዳ ተገርሞ ምን አግኝቶት ተነሳ አላቸው።

"እንጃ" አሉ ጋሽ ቢተው፤ "እኔ ምን አውቃለሁ።"

በሕይወታቸው አንድ ቀን ልክ ቢሆኑ፣ እሱንም ዋጡት። እንባዬን እንዳያዩብኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አሥራ አምስቱንም ቀን ምሳቸውን ያመላለስኩት እኔ ነኝ።