ድሬ ላይ የተሠራ ክረምት

ድሬ ዳዋ ክረምት የለም ስል የሚቆጡኝ ያገሬ ልጆች አሉ። ደቻቱ ወንዝ በነሐሴ አይሞላም ወይ ይሉኛል። ይሞላል። ግን ውሃው የማን ነው? ዝናቡ የሚዘንበው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። እኛ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆመን የሰው ዝናብ ሲያልፍ እናያለን። እንግዲህ እዚህ አገር ነው ለክረምት ቅርጫት ኳስ የተለማመድነው። አትሳቁ፣ ከመሳቁ ማዘኑ ይበልጣል።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ የትምህርት ቤታችን ቡድን ተጠባባቂ ነበርኩ። ተጠባባቂ ማለት ሌላው ሲጫወት ልብስ የሚጠብቅ ሰው ነው። አንድ ቀን፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተጫዋች ሊመረጥ ነውና በነሐሴ አዲስ አበባ መጥታችሁ ተጫወቱ የሚል ጥሪ መጣ። ልብ በሉ፣ በነሐሴ። ሜዳው ጣራ የሌለው ሲሚንቶ ነው። ይህን ወር የመረጠው ሰው መቼም ጃንጥላ ነጋዴ መሆን አለበት።

እኔ ብመረጥም ባልመረጥም ግድ አልነበረኝም። ልብስ ጠባቂን ማን ይመርጣል? ለዩሱፍ ግን የሞት ሽረት ነበር። ዩሱፍ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፤ በር ሲገባ አንገቱን የሚደፋ ረጅም፣ እጁ ለኳስ የተፈጠረ። አባቱ ሐጂ ዑስማን ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ከኳስ ጋር ዕድሜውን እንዲፈጅ አይፈልጉም፤ ግን ፍርድ አዋቂ ነበሩ። ከተመረጥክ አዲስ አበባ ተቀመጥ፣ ተማር፣ ተጫወት አሉት። ካልተመረጥክ ግን ጅቡቲ ሄደህ አጎትህ መደብር ትቆማለህ። ዩሱፍም ሀየ አለ። እሺ ማለቱ ነው፤ በነሱ ቤት ደግሞ ለአባት እሺ ተብሎ አይታጠፍም።

አሰልጣኛችን አስተማሪ ግዛቸው ነው። ነው የምለው ንቄው አይደለም፤ ድሬ አንቱታ አይበረክትም፣ ሙቀቱ ያቀልጠዋል። እሱ የደብረ ብርሃን ሰው ነው። ድሬ ከመጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሰው ከአገሩ ሲርቅ ደግሞ የአገሩ ብርድ እንኳ ያድግበታል። በእሱ አፍ የደጋ ነሐሴ ወፍ በበረራ ላይ እያለች ደርቃ የምትወድቅበት ወር ሆነ። እጃችሁ ይደነዝዛል፣ ኳሱ ይከብዳል፣ ሜዳው ሳሙና ነው አለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎም ተረተብን። ስለዚህ ክረምቱን እዚሁ እንሠራዋለን አለ።

ክረምት እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ ካፖርት። ወደ ደጋ ከሚመላለሱ የባቡር ሠራተኞች ለምነን ለበስን። ቀጥሎ ውሃ። ሜዳውን በባልዲ እናርሳለን፣ ፀሐይዋ ከኋላ ከኋላችን እየተከተለች ታደርቃለች። ኳሱን በርሜል ውስጥ እንዘፈዝፋለን። የዚያን ጊዜ ኳስ ቆዳ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሙክት ይከብዳል። በመጨረሻ በረዶ። ከለስላሳ ሻጩ የለመንነውን በረዶ ጣታችን እስኪደነዝዝ ጨብጠን ወደ ቅርጫቱ እንወረውራለን።

አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን አቁሞ አየን። ልጆቹ ካፖርት ለብሰው፣ በላብ ተጠምቀው ይሯሯጣሉ፤ እኔ ዳር ሆኜ ልብስ እጠብቃለሁ። «አቦ፣ እነዚህ ልጆች ምን አጥፍተው ነው?» አለኝ። ቅጣት መስሎታል። ክረምት እየተለማመዱ ነው አልኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የጫናቸውን ሰዎች ሳይቀር እያመጣ ያሳየን ነበር።

ዩሱፍ ግን አንድም ቀን አልሳቀም። በደነዘዘ ጣቱ ያንን የከበደ ኳስ ከመሐል ሜዳ ቅርጫት ውስጥ መክተት ለመደ። እንደተመረጠ ቆጠርነው። እናቱ እንኳ ሻንጣውን ማዘጋጀት ጀምራ ነበር።

አዲስ አበባ የደረስን ዕለት ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው አመሸ። አስተማሪ ግዛቸው ልጁን እንደዳረ አባት ደስ አለው። አላልኳችሁም እያለ ካልጋ አልጋ ዞረ። ጧት ስንነሳ ብራ ሆኗል። ደመና ለመድኃኒት የለም። ሲሚንቶው ደርቋል፣ ጣታችን ሞቋል፣ የቀረበልን ኳስ አዲስና ደረቅ ነው። ሌላው ቡድን ሁሉ ፀሐይዋን እያየ ተመስገን ይላል። እኛ ብቻ ፈዘን ቀረን።

ዩሱፍ የመጀመሪያውን ወረወረ። ኳሱ ከቅርጫቱም ከሰሌዳውም በላይ አልፎ አጥር ተሻገረ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሁለተኛው መራጮቹ ወንበር ሥር ገባ። አስተማሪ ግዛቸው ከዳር ሆኖ ቀስ በል፣ ቀስ በል ይላል። እጅ ምክር ይሰማል እንዴ? የሚያውቀው የለመደውን ነው። ቢጨንቀው ዩሱፍ ወደ ዳኛው ሄደ። «አቦ፣ ኳሱን ትንሽ ውሃ ብንነክረውስ?» አለው። ዳኛው የቀለደበት መሰለውና ከሜዳ አስወጣው። በእሱ ቦታ ማን ገባ? እኔ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

ከሰዓት በኋላ የተመረጡት ሲጠሩ ዩሱፍ የለበትም። ጥሪው ሳያልቅ ዝናቡ ወረደ፤ ያ ስንዘጋጅለት የከረምነው ዝናብ። መራጮቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ መኪናቸው ሮጡ። ሰው ሁሉ በረንዳ ተጠለለ። ዩሱፍ ብቻ ኳሱን ይዞ ወጣ። ውሃ እስኪጠጣ ሜዳው ላይ አንከባለለው። ከዚያ ከመሐል ሜዳ ወረወረ፤ ገባ። ደገመ፤ ገባ። ማንም አላጨበጨበም። አስተማሪ ግዛቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ጅቡቲ ሊሄድ ሲል ጣቢያ ወጥተን ሸኘነው። አስተማሪ ግዛቸው ይቅርታ ሊለው ቀረበ። ዩሱፍ ቀደመው። «አትዘን አስተማሪ። ወላሂ፣ ዝናቡ ትንሽ አረፈደ እንጂ አንተ ምን አጠፋህ?» አለው። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወዲያ ኳስ ይንካ አይንካ አላውቅም።

ዛሬ ሽማግሌ ሆኜም ሰው ሲመክረኝ፣ ለክፉ ቀን ተዘጋጅ ይለኛል። ለክፉ ቀንማ እንደ ዩሱፍ የተዘጋጀ ሰው አላየሁም። ጉድ የሠራን ደጉ ቀን ነው።