ጧሪ የሌለው ባለትዳር

አዛውንት የት መኖር እንዳለበት ከሁሉ አጥርቶ የሚያውቀው ማነው ብትሉኝ፣ በቤቱ አዛውንት የሌለው ሰው ነው እላችኋለሁ። በምቀኝነት አይደለም፤ በልምድ ነው። ባለቤቴ ጌጡ የመርሳት በሽታ ይዞት በኖረባቸው ሦስት ዓመታት ምክር ያልሰጠኝ የአሶሳ ሰው ካለ፣ ያን ሰሞን ከከተማ ወጥቶ የነበረ መሆን አለበት። አንዷ ጠበል አለችኝ። አንዱ ማር በጥቁር አዝሙድ አለኝ። ሌላው ደግሞ ገበያ ላይ ቲማቲም ስመርጥ አግኝቶኝ፣ አይዞሽ፣ ጃጅቶ ነው እንጂ አልታመመም አለኝ። ጃጅቶ! ለመሆኑ ይህን ቃል ማን አወጣው? ኮቱን ገልብጦ በለበሰ ሰው ላይ እንድትስቁ ፈቃድ የሚሰጥ ቃል እኮ ነው። ሐኪሙ ግን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ በሽታውን በሽታ ነው አለው። መድኃኒቱስ ስለው ትዕግሥት ነው አለኝ። በየትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ ግን አልነገረኝም።

ጌጡን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር። መዝገብ ቤት ማለት ደብዳቤ ሲገባ ቁጥር የሚሰጥበት፣ ሲወጣ ቁጥር የሚሰጥበት፣ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ሰው ገብቶ የሚቆጣበት ክፍል ነው። በጌጡ ዘመን ግን የሚቆጣ አልነበረም፤ ምክንያቱም የሚጠፋ አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሲቀየር፣ ወንበሩ ሲቀየር፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ራሱ ሁለት ጊዜ ሲቀየር እሱ ከመደርደሪያዎቹ መካከል ንቅንቅ አላለም። ቁጥርና ቀን የሌለው ወረቀት ከመጣለት፣ ያመጣው ማንም ይሁን ማን፣ አይቀበልም። አንድ ከተማ ሙሉ የጻፈውን ሲያስታውስ የኖረን ሰው እግዜር ምን ብሎ መርሳት እንደሰጠው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስንገናኝ የምጠይቀው ነገር ነው።

መርሳቱ ደግሞ መምረጥ የሚያውቅ መርሳት ነበር። የልጃችንን ስም ረሳ። የእኔን ስም ረሳ። ምሳ መብላቱን ረሳና ሁለቴ በላ፤ ይህን እንኳ አልጠላሁትም። ሥራ መግባትን ግን አልረሳም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮቱን ለብሶ ይወጣል፣ ባጃጅ ያስቆማል፣ መሥሪያ ቤት ይላል። ባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ጋሽ ጌጡ ግባ ብለው ከተማውን አንድ ዙር አዙረው ቤቱ በር ላይ ያወርዱታል። እሱም ዛሬ በዓል ነው እንዴ እያለ ይገባል።

አንድ የክረምት ቀን ግን በእግሩ መሄድ አማረው። ከከተማ የሚያወጣውን የመንጌን መንገድ ይዞ ሄደ። ከሁለቱ ጉልበቶቼ የሚታዘዘኝ አንዱ ብቻ ነው፤ በዚያው በአንዱ ከሰፈር ሰፈር ስሮጥ ዋልኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ባለሞተር ከኋላው አስቀምጦ አመጣልኝ። ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ወንዝ ዳር አግኝተውት ነው። እስከ ጭኑ ርሷል፣ አንድ ጫማው የለም፣ ፊቱ ግን የሥራ ቀኑን በአግባቡ የጨረሰ ሰው ፊት ነው። ሴቶቹን አሰልፎ ስማቸውን ሲመዘግብ ዋለ አለኝ ባለሞተሩ። ሳቅሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ወንዙ ሞልቶ ቢሆንስ?

ስለዚህ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ውሃ የማይወስደው፣ ከእኔ የተሻለ ጉልበት ያለው ሰው የሚጠብቀው ቦታ። ይህን ብቻ ነው የፈለግሁት። ድሮ ቢሆን ድባጤ ወንድሞቼ ዘንድ ወስጄው በተራ በጠበቅነው ነበር፤ እነሱ ግን ግጭቱ በተነሣበት በዚያ ክፉ ዓመት ተፈናቅለው ዛሬም በየከተማው ተበትነው ነው ያሉት።

አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ሰናይት በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። የመርሳት በሽታ ላለባቸው ብቻ ተብሎ የተሠራ ማዕከል ነው። ፎቶው ላይ ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይስቃሉ። ምን ቀልድ ተነግሯቸው ነው አልኳት። እማዬ ደግሞ አለች። በሩስ ስላት፣ በቁጥር የሚከፈት ነው፣ ቁጥሩን የሚያስታውስ ብቻ ነው የሚወጣው አለችኝ። እስኪ ይህን አስቡት! ለረሳ ሰው የሚያስታውስ ብቻ የሚያልፍበት በር ሠሩለት፤ ለደኅንነቱ ነው ደግሞ። ቀን ምን ሲሠሩ ይውላሉ ስላት ሥዕል ቀለም ይቀባሉ አለችኝ። ምን ሥዕል? ዳክዬ። ስንት ሹም ከነወረቀቱ የመለሰውን ጌጡን ቁጭ አድርገው ዳክዬ ቢጫ ሊያስቀቡት! ደግሞስ ከአሶሳ አዲስ አበባ በዓመት ስንት ጊዜ ልመላለስ ነው? ቢረሳኝም በየቀኑ አይቶኝ ይርሳኝ እንጂ።

ጎረቤቴ ሐዋ የመንጌ ሰው ናት፤ ገበያ ላይ ባሚያ ትሸጣለች። ቤት እየፈለግሁለት መሆኔን ስትሰማ ተቆጣችኝ። እሱ ሰው ነው፣ ዋላሂ፣ እቃ አይደለም፣ ቦታ ምን ያደርጋል አለችኝ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ይረሳል፣ ሰፈር ያስታውሳል፣ ያየው ሰው ይመልሳል፣ አለቀ አለች። ሰፈሩ ገበያ ሲሄድስ ማን ይመልሰዋል ብላት የባሚያ ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ሐዋ ወደ ገበያ ስትወጣ አንገቷን በበራችን ሳታስገባ አልፋ አታውቅም። ከመካሪዎቼ ሁሉ ምክሯን በእግሯ የሠራችው እሷ ብቻ ናት።

በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የበጎ አድራጎት መጠለያ እንዳለ ሰማሁና ሄጄ አየሁት። እንዲህ ያለ ቤት የምትመርጡ ከሆነ ግድግዳውን አትዩ፤ ጥፍር እዩ። የሽማግሌዎቹ ጥፍር ተቆርጦ ከሆነ ሌላውም ነገር ይሠራል ማለት ነው። እኔ ስደርስ አንዲት ሠራተኛ የአንድ ሽማግሌ እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጥፍሩን እየቆረጠች ታማዋለች፤ ራሱን ለራሱ! ትናንት የሰው ሻይ ጠጥተህ ካድክ አይደል ጋሼ ትለዋለች። ሽማግሌው ጥርስ የለውም፤ በድዱ ይንከተከታል። ይህ ለፎቶ የተሳቀ ሳቅ አልነበረም። በሩ ላይ ቁጥር የለም፤ ዘበኛ ነው ያለው፣ ያውም ወሬ የሚወድ ዘበኛ። ለጌጡ ቦታው ይህ ነው አልኩ።

የመጠለያው ኃላፊ ደግ ሴት ናት። አልጋ አለ፣ አንድ ወረቀት ብቻ ነው የሚያስፈልገው አለችኝ። ጧሪና ደጋፊ የሌላቸው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ ያምጡ። እኔስ አልኳት። እርስዎ ምን ሆኑ አለች። እኔ አለሁ እኮ፣ ሚስቱ ነኝ አልኳት። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ችግሩ እሱ ነው እትዬ አለችኝ።

በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር ውስጥ ችግር አጋጥሞኝ ያውቃል። ችግር የሆንኩት ግን ያን ቀን ነው።

እስኪ ነገሩን አብረን እንመልከተው። ጌጡን አውቶቡስ መናኸሪያ ጥዬው ብሰወር ኖሮ፣ ሳይመሽ አልጋ፣ እራትና ጥፍር ቆራጭ ያገኝ ነበር። ሳልጥለው ስለቀረሁ ምንም የለውም። ሚስት ያለችው ሰው አይረሳም ያለው ማነው? ወይስ ሚስት የተባለች ፍጡር አታረጅም፣ ጉልበቷ አያልቅም፣ እንቅልፍ አይወስዳትም? የሌላቸውን መርዳት ቅዱስ ሥራ ነው፤ ማን ይቃወማል። ግን እርዳታ ለማግኘት መጀመሪያ ጨካኝ መሆን ያስፈልጋል ከተባለ፣ እኛ ጭካኔ ያልተማርነው የት እንሂድ?

ቀበሌ ሄድኩ። ባለሙያው ችግሬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ይህን ልክድ አልችልም። ልጅስ አለኝ። አዲስ አበባ አለች ስለው፣ አዲስ አበባ ያለ ልጅ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው አለ። ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ አሰበ፣ አሰበና መላ አገኘ። መላ ከሌለው ባለሙያ ይልቅ መላ ካገኘ ባለሙያ ይሰውራችሁ! ቀላል ነው እትዬ አለኝ፤ ተስማምተን ተለያይተናል፣ ለየብቻችን ነው የምንኖረው ብላችሁ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፣ እኔም ጧሪ የለውም ብዬ እጽፋለሁ። ፊቴን አይቶ ቶሎ ብሎ፣ ለወረቀት ብቻ ነው አለ።

ለወረቀት ብቻ! የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሚስት ለሆነች ሴት እንዲህ ይባላል? በእኛ ቤት ከወረቀት የሚበልጥ ምን ነበር?

ሦስት ቀን ሙሉ ከድስቴም ከመጥረጊያዬም ጋር ተጣላሁ። በአራተኛው ቀን ባጃጆቹ ጌጡን እንደገና ከመንጌ መንገድ መለሱት፤ ዝናብ ነበር። ወኔዬ ከዳኝ። ኮቱን አልብሼ ቀበሌ ወሰድኩት። ሥራ የምንሄድ መስሎት መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎት ነበር።

ባለሙያው ወረቀቱን አዘጋጅቶ ጠብቆናል። እዚህ ጋ ይፈርሙ ጋሽ ጌጡ ብሎ ብዕር አቀበለው። ስህተቱ ይህ ነበር። ወረቀትና ብዕር ጌጡ እጅ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል እንኳን ባለሙያው እኔም ዘንግቼው ነበር። ወገቡ ቀና አለ። ሁለት ወር የፈለግነውን መነጽር ከኮቱ የውስጥ ኪስ አወጣ። ከላይ እስከ ታች አነበበና ቁጥር የለውም አለ። በኋላ ይሞላል አለው ባለሙያው። ቀንም የለውም። እሱም ይሞላል። ግልባጩ ለማን ነው? ባለሙያው ወደ እኔ አየ፤ እኔ ጣሪያ አየሁ። ጌጡ ጣቱን ስሜ ላይ አሳረፈና፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ይላል፣ እሷ የታለች አለ። ባለሙያው ወደ እኔ ጠቆመው። ጌጡ ዞሮ በትሕትና ተመለከተኝ፣ ለማንኛዋም ባለጉዳይ በሚያሳየው መጠን። እኝህ ሴትዮ ከጠዋት ጀምሮ አብረውኝ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ደክመውልኛል፤ እኔ የምጠይቀው ሚስትየዋን ነው አለ። ከዚያ ድምፁ ከፍ አለ። የአንዲትን ሴት ትዳር እሷ በሌለችበት በወረቀት ልትዘጉት ነው? መጥታ በፊቴ እሺ ካላለች ይህን አልቀበልም። ነገ ይዛችኋት ኑ።

ሚስቱ መሆኔን ረስቶ ለሚስቱ ተሟገተላት። ከዚህ በኋላ በየትኛው እጄ ልፈርም? ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ባለሙያው የታመማችሁት ሁለታችሁም ናችሁ በሚል ዓይን ሸኘን። ደረጃውን ስንወርድ ጌጡ ክንዴን ይዞ፣ አይዞሽ እህቴ፣ እነዚህ ሰዎች ይቸኩላሉ አለኝ።

እንዲህ ሆነና ቤት መረጣዬ አበቃ። ስምንት ወር እሱ ወጣ፣ እኔ መለስኩ። በበጋው በአንድ ሳምንት የሳንባ ሕመም አልጋው ላይ እንደተኛ አረፈ። እነዚያ መካሪዎች ሁሉ ለቅሶ ደረሱ፤ እንዴት ማልቀስ እንዳለብኝ መከሩኝ። ይህንንም የምጽፈው ከሁለታችን አንዳችን ማስታወስ ስላለብን ነው።

ዐርባው ካለፈ በኋላ የቤታችንን ካርታ ወደ ስሜ ለማዞር ያው ቀበሌ ሄድኩ። ያው ባለሙያ። ብዕሩም ያው ጆሮው ላይ። ጋብቻችሁ እስከ ሞት ድረስ የጸና ስለመሆኑ ሦስት ምስክር ያቅርቡ አለኝ። ለመለያየት ሁለት ፊርማ ይበቃ ነበር እኮ አልኩት። የምን መለያየት እትዬ አለኝ። ጨርሶ አያስታውሰንም። መርሳት የቢሮ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ለካ በሽታ አይባልም።

ሁለት ጎረቤቶቼ መስክረው ሲጨርሱ ሐዋ ገባች። አብረው ይኖሩ እንደነበር በምን ያውቃሉ አላት። ሐዋ ደሟ ፈላ። በዓይኔ ነዋ፣ ዋላሂ አለችው። እሱ በየቀኑ ይወጣል፣ እሷ ትሮጣለች፣ ትመልሰዋለች። ጉልበት የላትም፣ ትሮጣለች። ዝናብ ይመጣል፣ ትሮጣለች። ባል ካልሆነ ሰው እንዲህ ይሮጣል? አንተ ለማን ሮጠሃል?

ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ረጅም ጻፈ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ያ ሁሉ ሩጫዬ ይኸው በመንግሥት ወረቀት ላይ ሰፈረ ብዬ። ከዚያ እንድንፈርም ጮክ ብሎ አነበበልን፤ ሟች በየዕለቱ ቤታቸውን እየጣሉ ይሄዱ እንደነበር ምስክሯ አረጋግጠዋል። ወረቀቱን አስቀመጠና ከልቡ አዝኖልኝ ቀና አለ።

ታዲያ እትዬ፣ ያን ጊዜውኑ ለምን አልተለያያችሁም? አለኝ።